የአባቴ ባሌስትራ

መኪናዋ የ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ላንድክሩዘር ናት፤ ሰው ሎንግ ቤዝ የሚላት፣ ከአባቴ የወረስኳት። 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተሯ አንድም ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም። ችግሩ ከሥር ነው። ከደሎ መና ማር ጭኜ ሳነቴን ስወጣ በግራ በኩል የሆነ ነገር ይንኳኳል። ጎባን አልፌ አስፋልት ላይ 70 ስደርስ ደግሞ መሪው እጄ ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ማር ነጋዴ እንጂ መካኒክ አይደለሁም፤ ያም ሆኖ ምርመራዬን በራሴ ጨርሼ፣ አራት አዲስ አሞርዛተርና አንድ የአይሱዙ ባሌስትራ ገዝቼ ነው ጎተራ አካባቢ ወዳለው ጋራዥ የሄድኩት። የጋራዡን ባለቤት ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምላቸው። አባቴ ከእሳቸው ሌላ መካኒክ አያውቅም ነበር።

እኔ፦ እንደምን አደሩ ጋሼ? ዕቃውን ሁሉ ይዤ መጥቻለሁ። አሞርዛተሩን ይቀይሩልኝ፤ ይቺን ባሌስትራ ደግሞ ከኋላ ይጨምሩልኝ። ጠንከር ትበልልኝ ብቻ።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ ደህና ናት? … እንግዲህ መድኃኒቱን ገዝተሽ ነው ሐኪም ቤት የመጣሽው በይኛ።

እኔ፦ ድምፁ እኮ ግልጽ ነው።

ጋሼ፦ ሻንሲ ብረት ነው ልጄ፤ እዚህ የተመታውን እዚያ ያሰማሻል። በግራ ነው የምትይው አንቺ በግራ ስለተቀመጥሽም ይሆናል። በል አንተ፣ ክሪኩን አምጣ። ሻንሲው ላይ ደግፈህ አንሳት፤ ጎማው ይንጠልጠል። ከሥሯ ከመግባትህ በፊት የብረት መደገፊያውን አድርግ። በክሪክ ብቻ አምኜ አላስገባህም።

ልጁ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ለልምምድ ከመጣ ሁለት ወሩ። የጋሼ ሥራ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ስለሆነ አሁን አሁን ዓይናቸው እሱ ነው።

ልጁ፦ የግራ የኋላው አሞርዛተር ዘይት አውጥቷል ጋሼ። አቧራው ጭቃ ሆኖ ተለጥፎበታል።

እኔ፦ አላልኩም?

ጋሼ፦ ብለሻል። እሱ ይቀየራል፤ አራቱም ይቀየሩ፣ ዕድሜያቸው ነው። ግን አሞርዛተር ውስጡ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ መኪናዋ ትዋኛለች እንጂ አትንኳኳም። አንድ ጉብታ ትዘያለሽ፣ እሷ ሦስቴ ትነጥራለች። ለመንኳኳቱ ሌላ ተጠያቂ ፈልጊለት። ነይ ዝቅ በይ፤ ቱታ አለልሽ።

ቱታውን ለብሼ ገባሁ። ጋሼ ከውጭ ሆነው ረጅሙን ብረት ለልጁ አቀበሉት። ልጁ የብረቱን ጫፍ በባሌስትራውና በሻንሲው ማንጠልጠያ መሃል ሰክቶ ሲጫነው ባሌስትራው ወደ ላይ ዘለለ፤ “ቋ!” አለ። ይህንን ድምፅ አውቀዋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ከኋላዬ ሲከተለኝ የኖረው ነው።

ጋሼ፦ ጎሚኒው አልቋል። ፍታው እስቲ፣ በዓይኗ ትየው።

መፍታቱ ቀላል አልነበረም። ቡሎኑ ጎሚኒው ውስጥ ካለው የብረት ቱቦ ጋር በዝገት አንድ ሆኗል። ናፍጣ ጠጣ፣ መዶሻ ቀመሰ፣ አሻፈረኝ አለ። በመጨረሻ በኦክስጅን ጎሚኒውን አቃጥለው ነው የለቀቀው፤ ግቢው ሁሉ ጎማ ጎማ ሸተተ። የሌላኛውን ጫፍ ግን ሳይቃጠል አወጡትና መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። አንዱ ወገኑ እንደ ወረቀት ሳስቷል፤ ሌላው ወገኑ አውራ ጣት ያክላል። ቀዳዳው ከመሃል ሸሽቶ ወደ ዳር ሄዷል። በውስጡ ያለፈው ቡሎን በአንድ ጎኑ ተፍቆ መስተዋት መስሏል፣ በሌላው ጎኑ ቀይ ዝገት ነው።

እኔ፦ ይቺ ናት ይሄን ሁሉ ድምፅ የምታወጣው?

ጋሼ፦ እሷስ ምን ድምፅ አላት፤ ጎማ ናት። እሷ ስታልቅ ብረትና ብረት ተገናኙ። ከዚህ ሁሉ ዕቃ በጣም ርካሿ እሷ ናት።

እኔ፦ ጋሼ፣ የዚህን ሁሉ ዕቃ ስም ግን ማን አወጣው? ሰሞኑን የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነበር። ባሌስትራ ለካ የጦር መሣሪያ ነው፤ ጥንት ግንድ ላይ ገጥመው የሚተኩሱት ቀስት።

ጋሼ፦ ክሪኩም፣ ቡሎኑም፣ ኩሽኔታውም፣ ፓራፋንጎውም የእነሱ ቋንቋ ነው። እነሱ ከሄዱ ስንት ዘመኑ፣ ቃሉ ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ቀስት ነው ካልሽ ግን ጥሩ አልሽ። ቀስት የሚወረውረው ምን ስለሚሆን ነው?

እኔ፦ ስለሚጎብጥ።

ጋሼ፦ አንቺ ደግሞ የማይጎብጥ ቀስት ሥሩልኝ ብለሽ መጣሽ።

እኔ፦ አሞርዛተርም ዘሩ ከሞት ነው። የሚያደነዝዝ፣ የሚገድል እንደ ማለት።

ጋሼ፦ እሱን አላውቅም ነበር፤ ሥራው ግን እሱ ነው። መኪናዋን የሚሸከማት ባሌስትራው ነው። ጉድጓድ ስትገቢ የዋጠውን ጉልበት መልሶ ይወረውረዋል። አሞርዛተሩ ያንን ውርወራ ይገድለዋል። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ይሞቃል፣ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሳነቴን አቋርጠሽ ስትቆሚ እጅሽን ወደ አራቱም ጠጋ ጠጋ አድርጊ፤ እንዳትጨብጪው፣ ያቃጥላል። ሦስቱ ግለው አንዱ ከቀዘቀዘ፣ ሥራ የፈታው የቀዘቀዘው ነው።

ልጁ፦ መንገዱን እንደ ቆርቆሮ የሚሸነሽነውም የመኪናው መንጠር ነው አይደል ጋሼ?

እኔ፦ እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ አንጥፈው አንድ ጎማ አስኬዱበት። ጎማው ባሌስትራ ባይኖረውም፣ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ከሄደ አሸዋው ይሸነሸናል። ከዚያ ፍጥነት በታች ግን ለጥ ብሎ ይቀራል።

ጋሼ፦ ታዲያ ይሄን እያወቅሽ ነው በ80 የምትበሪበት?

መልስ አልነበረኝም። የተሸነሸነ ፒስታ ላይ ፈጠን ሲሉ ንዝረቱ እንደሚቀንስ የክፍለ ሀገር ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ጎማው የሽንሽኖቹን አናት አናት እየረገጠ ያልፋል። የሚቀንሰው ግን ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። ሥር ያለው አሞርዛተር በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ እየተገፋ ዘይቱ አረፋ እስኪሆን ይፈላል፤ ጎማውም መሬቱን በወጉ ስለማይዝ ፍሬን ሲይዙ መኪናዋ ትንሸራተታለች። ጋሼ ያሉኝ የጎማውን ነፋስ ትንሽ እንዳጎድል ነው። የመጀመሪያው ባሌስትራ ጎማው ነው ይላሉ። አስፋልት ላይ ስደርስ መልሼ መሙላት አለብኝ።

እኔ፦ እሺ፣ ጎሚኒውም አሞርዛተሩም ይቀየር። የአይሱዙዋስ ባሌስትራ? በአንድ ጉዞ 20 ጀሪካን ነው የምጭነው።

ጋሼ፦ አንዱ ስንት ኪሎ ነው?

እኔ፦ ማር ከውሃ ይከብዳል። የ20 ሊትሩ ጀሪካን 28 ኪሎ ይገባል። በጠቅላላው 560።

ጋሼ፦ ሁሉም ውስጥ ነው?

እኔ፦ ስድስቱ ፖርቶመጋላ ላይ።

ጋሼ፦ እነዚያን ታወርጃቸዋለሽ። ሌላው ክብደት ከባድ ቢሆንም ትችለዋለች፤ ባሌስትራዋ ጤነኛ ከሆነ። በል አንተ፣ ኮሌጅ የተማርከውን ንገራት። ቬርኒየሩ እዚያ አለልህ።

ልጁ፦ የላንድክሩዘሩ አንዱ ባሌስትራ ውፍረቱ 7 ሚሊ ነው። የአይሱዙው 11። ርዝመትና ስፋታቸው እኩል ነው ብንል፣ የባሌስትራ ጥንካሬ በውፍረቱ ልክ አይደለም የሚጨምረው፤ ውፍረቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ ነው። እጥፍ ቢወፍር ስምንት እጥፍ ይጠነክራል። ይቺ 11 ሚሊዋ ብቻዋን የእኛዎቹን አራት ታክላለች ማለት ነው።

እኔ፦ ጥሩ አይደል ታዲያ? አራት ባሌስትራ በአንድ ዋጋ።

ጋሼ፦ ባዶዋን ስትሄጂስ? ጎባ ስትወጪ ባዶ ነሽ፤ ግማሹን መንገድ ባዶ ነሽ። ያኔ ባሌስትራው አይታጠፍም። ጉድጓድ ስትገቢ ምቱ እንዳለ ሻንሲው ላይ ያርፋል።

ልጁ፦ ጋሼ … እዚህ ድርድሩ ውስጥ አንዷ አትመስልም። ከታች ሁለተኛዋ ወፈር ትላለች፣ 10 ሚሊ ናት። ጫፏም በኦክስጅን የተቆረጠ ነው።

ጋሼ ወዲያው አልመለሱም። መነጽራቸውን አውልቀው በቱታቸው እጅጌ ጠረጉት።

ጋሼ፦ እሷን አውቃታለሁ። እኔ ነኝ ያስገባኋት። በ1999 ይመስለኛል፣ በእኛ አቆጣጠር። አባትሽ ያኔ ቦረና ነበር፣ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ። በርሜል ናፍጣ ነበር የሚጭንባት። ልክ አንቺ ዛሬ እንዳልሽው፣ ጠንከር ትበልልኝ አለኝ። አጠነከርኩለት።

እኔ፦ ከዚያ በኋላ 12 ዓመት ነዳት እኮ፤ ምንም ሳትሆን።

ጋሼ፦ ምንም ሳትሆን ነው? የሽቦ ብሩሹን ስጠው። እዚያ፣ ከኋላው ማንጠልጠያ ፊት ለፊት። ጭቃውን ጥረግ።

ልጁ ጠረገ። መጀመሪያ ጥቁር ቀለም ታየ፣ ከዚያ በቀለሙ ላይ ከፀጉር የማይወፍር ቀይ መስመር። ከሻንሲው የታች ጠርዝ ተነስቶ ወደ ላይ አራት ጣት ያህል ሄዷል። ጣቴን አስኬድኩበት። በእጅ አይታወቅም፤ ጥፍር ግን ይይዘዋል።

እኔ፦ ይሄ ስንጥቅ ነው?

ጋሼ፦ ነው። ዝገቱ ከውስጥ እያለቀሰ የወጣ ነው። ጉልበት ወዴትም አይጠፋም ልጄ፤ ባሌስትራው አልቀበልም ሲለው ሻንሲው ተቀበለው። ጎሚኒ እንዲያልቅ ነው የተሠራው፣ ስታልቅ ሌላ ትገዢለታለሽ። ሻንሲ ግን ሊብሬው ላይ ቁጥሩ የተጻፈው እሱ ነው፣ መኪናዋ እሱ ነው። እኔ ያኔ ርካሹን አድኜ ውዱን አስበላሁ።

ሰዎች ለምን ሌላ መኪና አትገዢም ይሉኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ አሮጌ መኪና በሚያስገባ ላይ እንደ ዕድሜው እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና አሮጌ ሆኖ ይቀጥላል፤ ደሎ መናን የሚወጣልኝ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ገና አላየሁም። ጋሼ ያሉት ስለዚህ ከመኪና ምክር በላይ ሆኖ ተሰማኝ፤ ይቺ ሻንሲ ከሄደች ሥራዬም አብሮ ይሄዳል።

እኔ፦ ይበየዳል?

ጋሼ፦ ይበየዳል፤ ግን እንዲሁ አይደለም። መጀመሪያ የስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ከዚያ ወዲያ እንዳይሄድ። ከዚያ ስንጥቁ ተቦርቡሮ ይበየዳል። ላዩ ላይ ላሜራ ይደረግበታል፤ ላሜራው ደግሞ አራት ማዕዘን ከሆነ ቀጥ ብሎ የቆመው የብየዳ መስመር ራሱ አዲስ ስንጥቅ ይሆናል። ጫፉ እንደ ጦር ሾሎ ነው የሚቆረጠው። ባትሪውን ፍታ፣ ዲናሞውንም ንቀለው፤ የብየዳው ኮረንቲ እንዳያቃጥለው።

ልጁ፦ የተኛውን አንደኛ ባሌስትራስ በኦክስጅን አግለን ብንቀጠቅጠው? ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይባል የለ?

ጋሼ፦ ይባላል። ያንን ያለው ሰው ማረሻ ነበር የሚሠራው። የባሌስትራ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ነው ያንን መመለስ ያገኘው። አንተ በኦክስጅን አንድ ቦታ ላይ ስታግለው ያንን ሁሉ አጠፋህበት። ዛሬ ቀስት ይመስልሃል፤ በወሩ ተመልሶ ይተኛል፣ ወይም እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ባሌስትራ በቀዝቃዛው ነው የሚቀጠቀጠው፣ በትዕግሥት፤ ካልሆነም አዲስ ይገዛል። እነዚህ ተኝተዋል። አዲስ እንገዛለን።

የጎሚኒውን ነገር ጠየቅኳቸው። ገበያው ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ያለው ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል ጎሚኒ አለ፣ አያልቅም ብለው የሚሸጡት። ጋሼ ፊታቸውን ቋጠሩ። ጠንካራው ዕድሜ አለው፣ ግን ንዝረቱን እንዳለ ወደ ሻንሲው ያሳልፋል፤ ግራሶ ካላገኘ ደግሞ ይጮኻል አሉኝ። የጎማውን አዘዙ፤ ደህናውን። በአሞርዛተሩ ላይ ዋጋ ብቀንስ ግድ የላቸውም፤ በጎሚኒው ላይ ግን አይሆንም። ይህ ለእኔ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ብሬን በሙሉ ያፈሰስኩት አሞርዛተሩ ላይ ነዋ።

እኔ፦ መሪው ላይ ያለውስ መንዘፍዘፍ? የመሪውን አሞርዛተር ቀይሪው ብሎኝ ነበር አንድ ሾፌር።

ጋሼ፦ ይቀየራል፣ መንዘፍዘፉም ይጠፋል፤ ለሁለት ወር። የመሪ አሞርዛተር በሽታውን ደባቂ ነው። ፊቷን አንሳት እስቲ። ጎማውን ከላይና ከታች ያዢው። አንዴ ሳቢ፣ አንዴ ግፊ።

እኔ፦ ይነቃነቃል።

ጋሼ፦ አንተ ግባና ፍሬን ርገጥ። አሁንስ?

እኔ፦ አሁንም ይነቃነቃል።

ጋሼ፦ ፍሬን ተረግጦ መነቃነቁ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ጎማው የሚዞርበት ጉልበቱ ላይ ያሉት ኩሽኔታዎች ናቸው፣ ከላይ አንድ ከታች አንድ። በግራም በቀኝም ይቀየራሉ። የመሪው ቴስቲናም አንዱ ላልቷል። የፊቱን ባሌስትራ ጎሚኒም አብረን እናየዋለን። ከ1999 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጡት ከፊት ሞላ ናቸው፤ አንቺ በአራቱም ባሌስትራ ነሽ።

እኔ፦ ሞላ ይሻላል?

ጋሼ፦ ለወገብሽ ይሻላል። ግን ሞላ አክስሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዝለት ሌላ ብዙ ክንድና ጎሚኒ ይፈልጋል። ባሌስትራ ብቻውን ይሸከማል፣ ብቻውን አክስሉን ይይዛል። እኔ አልቀይርሽም።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ብዙው ቡሎን መፍታት ነበር፣ ስለሱ የሚነገር የለም። በአራተኛው ቀን ስደርስ አዲሶቹ ባሌስትራዎች ገብተዋል፤ መኪናዋ ግን ገና በመደገፊያ ላይ ናት፣ ልጁም ጋሼን እየጠበቀ ቆሟል።

ልጁ፦ የጎሚኒዎቹን ቡሎኖች ላጥብቃቸው?

ጋሼ፦ አይ! በጣትህ ብቻ አስይዛቸው። አሁን ባሌስትራው ተንጠልጥሏል። በዚህ ሁኔታ ካጠበቅከው ጎሚኒው በዚህ ቅርጽ ይያዛል። መኪናዋ መሬት ስትወርድ ባሌስትራው ሲዘረጋ ጎሚኒው ይጠመዘዛል፤ ቆማም ቢሆን ተጠምዝዞ ይኖራል፣ በስድስት ወር ይቀደዳል። አውርዳት፣ በጎማዋ ትቁም፣ ሦስታችንም እንውጣባትና ትንሽ እንወዝውዛት። ከዚያ ነው የምታጠብቀው። ዩ ቦልቱ አዲሱ ነው አይደል?

ልጁ፦ አዲሱ ነው። አሮጌዎቹን ጥያለሁ።

ጋሼ፦ ዩ ቦልት አንዴ ከተጠበቀ ተስቧል፤ ሁለተኛ አያገለግልም። በመስቀል አጥብቅ፤ አንዱን ጥግ ጨርሰህ ወደ ሌላው እንዳትሄድ። የመሃሉ ቡሎን ጭንቅላትም የአክስሉ ቀዳዳ ውስጥ በደንብ መቀመጡን እይ። ካልተቀመጠ አክስሉ ይሸሽና መኪናዋ እንደ ውሻ በጎኗ ትሄዳለች።

ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ። ወጣን፣ ወዘወዝናት፣ ወረድን። ልጁ በሜትር ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ለካ። ስመጣ የሾፌሩ ወገን ከቀኙ በ3 ሴንቲ ያነሰ ነበር፤ አሁን ሁለቱ እኩል ናቸው። የሚገርመው፣ ወደ ሾፌሩ ወገን ዘንበል ማለቷን ሁልጊዜ የመኪናዋ ተፈጥሮ አድርጌ ነበር የማየው።

እኔ፦ ሂሳቡን ይንገሩኝ ጋሼ።

ጋሼ፦ ጽፌልሻለሁ። የሻንሲው ብየዳ የለበትም። ያቺን ባሌስትራ ለማውጣትም አልጻፍኩም። 500 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ ተመልሰሽ ነይ፤ ዩ ቦልቱ ይላላል፣ ሁሉም አዲስ ባሌስትራ ይላላል። ከዚያ በፊት ደሎ መና አትሂጂ።

እኔ፦ 500 ኪሎ ሜትር ከተማ ውስጥ?

ጋሼ፦ ናዝሬት ሄደሽ ተመለሺ። ደብረ ብርሃን ሄደሽ ተመለሺ። ባዶዋን።

እኔ፦ የአይሱዙዋን ባሌስትራ ምን ላድርጋት? ሱቁ አይመልስም።

ልጁ፦ ካልፈለጓት ለእኔ ይስጡኝ እህቴ። አገር ቤት አጎቴ ብረት ይቀጠቅጣል። ከአንዷ ሁለት ማረሻና አንድ መጥረቢያ ያወጣል።

ጋሼ፦ እሷን ከሰጠሽው የእኔንም ውሰድ፣ አብረህ። ያቺ ጫፏ የተቆረጠችው። ለእሱ ንገረው፤ እሷን እስኪበቃው አግሎ ይቀጥቅጣት።